ባለአምስት ኮከብ እሮሮ

የሶፍትዌር ተጠቃሚ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰጣል። አንደኛው ተጠይቆ የሚሰጠው ነው፤ በኮከብ ይቆጠራል። ሌላው ሳይጠየቅ ከአፉ የሚያመልጠው፣ አንዳንዴም አፉን ሳይከፍት በጣቱ የሚናገረው ነው። አፕል የመተግበሪያ መደብሩን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008፣ ጉግልም የራሱን በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ከፍተው ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ መስጠትን ካስለመዱ ወዲህ የመጀመሪያው ዓይነት አስተያየት እንደ ጉድ በዝቷል። እውነቱ የሚገኘው ግን በሁለተኛው ውስጥ ነው።

ኮከብ ሰጪው ምኑን እየመዘነ እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግራል። መብራት ጠፍቶ ዋይፋዩ ሲቋረጥ አንድ ኮከብ የሚወረወርበት በዚያች ሰዓት እጁ ላይ የነበረው መተግበሪያ ነው። ሌላው ደግሞ አምስት ኮከብ ይሰጥና ከሥሩ «ብሬ ተቆርጦ ካርዱ አልሞላልኝም፣ መልሱልኝ» ብሎ ይጽፋል። አምስት ያደረገው ረክቶ አይደለም፤ ኃላፊዎቹ በኮከቡ ደስ ብሏቸው ከሥሩ ያለውን ያነቡ እንደሆን ብሎ ነው። አቤቱታን በምስጋና መጀመር ከኮምፒውተር በፊትም የነበረ የማመልከቻ ጥበብ ነው። ዩቲዩብ ለቪዲዮዎቹ ከሚሰጠው ኮከብ አብዛኛው አምስት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2009 ራሱ ተናገረ። በዓመቱ ኮከቡን ጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች የሚቀሰር አውራ ጣት አመጣ። በ2021 ደግሞ ወደ ታች የቀሰሩት ስንት እንደሆኑ ለተመልካች እንዳይታይ ሸሸገው።

በኮከብ አሰጣጥ ታሪክ ግልጹን ነገር የተናገሩት የቻይና ተማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ አስተማሪውንና የቤት ሥራውን ተሸክሞ መኝታ ቤታቸው ድረስ የገባው ዲንግቶክ የተባለው የአሊባባ መተግበሪያ ነበር። ልጆቹም የመተግበሪያው ነጥብ እጅግ ዝቅ ካለ ከመደብሩ ይባረራል የሚል ወሬ ሰምተው አንድ ኮከብ አዘነቡበት። ኩባንያው የካርቱን ቪዲዮ ሠርቶ ምሕረት እስከ መለመን ደረሰ። ዲንግቶክ አልተባረረም፤ የቤት ሥራውም አልቀረም። የልጆቹ ጠብ ከሶፍትዌሩ ጉድለት ጋር አልነበረም። አንዷ ኮከብ የተላከችው ለአስተማሪው ነበር።

የአዋቂውም ሚዛን ከዚህ ብዙ አይርቅም። ተራ ተጠቃሚ ሶፍትዌርን የሚመዝነው በሶፍትዌሩ በኩል በመጣበት ወይም በተገላገለው ሰው ነው። ሠሪዎቹ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ደኅንነትና ስለ ውበት ሲጨነቁ፣ እሱ የሚቆጥረው ማን እንዳገኘው፣ ማን እንዳላገኘውና ከማን ጋር ከመጨቃጨቅ እንደዳነ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ኮከቡ ከብዙው ሰው ደጅ አይደርስም። መተግበሪያ የሚገኘው ከመደብሩ ይልቅ ከጓደኛ ስልክ በዜንደር ወይም በሼርኢት ተልኮ፣ አለዚያም ሞባይል ቤት ተጭኖ ነው። የጉግል አካውንቱን የከፈተው የሞባይል ቤቱ ልጅ ነው፤ የይለፍ ቃሉን የመረጠውም እሱ፣ የረሳውም እሱ። ስለዚህ ባለስልኩ ቅሬታ ሲኖረው ካሊፎርኒያ ድረስ አይጽፍም። ሱቁ ድረስ ሄዶ «አንተ፣ ያ የጫንክልኝ ነገር…» ብሎ ይጀምራል። በዚህ አሠራር የፌስቡክ ጥፋት ለሞባይል ቤቱ ልጅ፣ የልጁ ጥፋት ደግሞ ለኔትወርክ ይተላለፋል። ኔትወርክ መልስ ስለማይሰጥ ክርክሩ እዚያ ላይ ይዘጋል።

ከሁሉ የተወደደው ቴሌግራም ነው። ሩስያውያኑ ወንድማማቾች ፓቬልና ኒኮላይ ዱሮቭ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲያወጡት ያሰቡት ለሰላይ የማይመች የመልእክት መለዋወጫ ነበር። የአዲስ አበባ፣ የባሕር ዳርና የሐዋሳ ተጠቃሚ ግን ቤተ መጻሕፍት፣ ሲኒማ፣ ትምህርት ቤት፣ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳና የጫማ መደብር አደረገው። በደካማ ኔትወርክ እየተንፏቀቀም ቢሆን መድረሱ፣ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል መቀበሉ፣ በአንድ ቡድን 200,000 ሰው መያዙ ለዚህ ረድቶታል። «ቴሌግራም ምኑ ጥሩ ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ግን ከእነዚህ አንዱንም አያነሳም። «ሁሉም ነገር አለበት» ይላል። ሁሉም ነገር ሲል ገበያ ላይ ከወጣ ሳምንት ያልሞላውን መጽሐፍ ፒዲኤፍም ይጨምራል። በዚህ ጉዳይ የደራሲውና የአንባቢው አስተያየት ሰማይና ምድር ነው ይባላል። ሁለቱ አንድ ሰው የሆኑ እንደሆነ ግን ነገሩ ይወሳሰባል፤ መጽሐፌ ተሰረቀ ብሎ የሚያለቅሰው ደራሲ ስልኩ ቢፈተሽ የባልንጀሮቹ ሥራዎች በሙሉ በተርታ ይገኛሉ። ለምርምር ነው።

የቴሌግራም ፈተናው ቡድኑ ነው። አንድ ጎልማሳ ሳይጠየቅ የሚገባባቸው ቡድኖች ብዙ ናቸው፤ የቤተሰብ፣ የዕቁብ፣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች፣ የድሮ ክፍል ጓደኞች፣ የልጅ ትምህርት ቤት ወላጆች፣ ከተፈጸመ ሁለት ዓመት ያለፈው የሠርግ ኮሚቴ። ጠዋት ጠዋት የጽጌረዳ ሥዕል ላይ «መልካም ቀን» የተጻፈበት ምስል ይመጣል። ያንኑ ምስል አምስት ሰው በአምስት ቡድን ይልከዋል። ከዚያ ውኃ መቼ እንደሚመጣ የሚጠይቅ ነዋሪ፣ ከዚያ ለሰባት ሰው ካልተላከ መቅሠፍት የሚያስከትል ማስጠንቀቂያ ይከተላል። ከቡድኑ መውጣት ግን አይቻልም። መውጫው ጠፍቶ አይደለም፤ ሲወጡ «እገሌ ቡድኑን ለቋል» የሚል ጽሑፍ ስለሚቀር ነው። ያም ከለቅሶ ቤት ሳይቀመጡ እንደመውጣት ይቆጠራል። ስለዚህ ተጠቃሚው ድምፁን ያጠፋዋል። መተግበሪያው ለአንድ ሰዓት፣ ለስምንት ሰዓት፣ ለሁለት ቀን ወይስ ለዘለዓለም ሲለው፣ ዘለዓለምን ለመምረጥ ብዙ አያስብም። ስለ ቡድን መወያያ እውነተኛ አስተያየት የሚፈልግ አጥኚ ያለበት የደወሏን ምልክት መቁጠር ብቻ ነው፤ በላይዋ መስመር የተሰመረባትን።

ሌላው የቴሌግራም ሥራ «እገሌ ቴሌግራምን ተቀላቅሏል» ብሎ ማሳበቅ ነው። ስልክ ማውጫ ውስጥ ቁጥሩ ያለ ሰው በገባ ጊዜ ይህ መልእክት ይደርሳል። የቀድሞ አከራይ፣ የቀድሞ እጮኛ፣ ብር ተበድሮ ድምፁ የጠፋ የሠፈር ልጅ ሁሉ በዚህ መንገድ ከያሉበት ብቅ ይላሉ። ተበዳሪ የሆነ ሰው ይህን አገልግሎት ከግል ነፃነት መጣስ ይቆጥረዋል። አበዳሪ የሆነው ደግሞ ቴሌግራም ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ የላቀው ይህ ነው ይላል።

ዋትስአፕ የቢሮና የውጭ አገር ዘመድ መገናኛ ተደርጎ ይታያል፤ በላዩ ላይ ሰዎች ሸሚዛቸውን አስገብተው የሚያወሩ ይመስላል። የከረመ ቅሬታው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 የመጣው ሰማያዊ ምልክት ነው። መልእክቱ መነበቡን የሚናገር ምልክት ላኪው ይወደዋል፣ ተቀባዩ ይጠላዋል፤ ላኪና ተቀባይ ደግሞ በየደቂቃው ይለዋወጣሉ። ስለዚህ አንዱ ሰው የራሱን አጥፍቶ የሌላው ለምን ጠፋ ብሎ ሲቆጣ መስማት አያስደንቅም።

ኢሞ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ የቴክኖሎጂ ሰው ሲያወድሰው አይሰማም። ማስታወቂያው ይበዛል፣ የማይታወቅ ሰው ይደውልበታል፣ መልኩም ያረጀ ነው። ሆኖም በሪያድ፣ በኩዌትና በቤይሩት ሰው ቤት የሚሠሩ ልጆች ካሏቸው እናቶች አንዷም ኢሞ ላይ ክፉ ቃል አትናገርም። ደካማ መስመር ላይ ምስል ማምጣቱ ይበቃቸዋል። መደወያው ሁሉ በሁሉም አገር እኩል አይፈቀድም፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ለምሳሌ የዋትስአፕን ጥሪ ስለሚዘጋ ዱባይ ያለ ሰው ቦቲምን በመሳሰለ የተፈቀደ መተግበሪያ ይደውላል። ደሴ ያለችው እናት የምታውቀው ይህን አይደለም። የምታውቀው ስልኩ ሲጮህ ወደ ጆሮዋ ማስጠጋት ነው። ጥሪው የቪዲዮ ስለሆነ ልጅቱ ለብዙ ደቂቃ የምታየው የእናቷን ጆሮና የነጠላዋን ጥለት ይሆናል። «እማዬ፣ ስልኩን ከጆሮሽ አውርጂው፣ ፊትሽን ልየው» ትላለች። እናትም አውርዳ ታያትና «ከሳሽብኝ» ብላ መልሳ ጆሮዋ ላይ ታደርገዋለች። ይህን ጥሪ በአንድ ኮከብ የሚመዝን መቼም አይገኝም።

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ተገድበው እስከ ሐምሌ ሲቆዩ ሕዝቡ እገዳውን ስለሚያሻግር ሌላ ዓይነት ሶፍትዌር አስተያየት መስጠት ጀመረ። ኢሜይል የሌላቸው አባወራዎች ሳይቀሩ «የቱ ቪፒኤን ይፈጥናል?» ብለው ይጠያየቁ ነበር። ፕሮቶን ቪፒኤን በነፃ ከሚያስገባቸው አገሮች መካከል ኔዘርላንድስና ጃፓን ስለነበሩ፣ ሳሪስ የተቀመጠ ሰው በደች ቋንቋ የብስክሌት ማስታወቂያ ሲመጣለት ግራ ይጋባ ነበር። የዚያ ሰሞን ፍርድ አጭር ነው፤ ቪፒኤን ጥሩ ነው፣ ባትሪ ይበላል።

ስለ ገንዘብ መተግበሪያ የሚነገረው ግን አጭር አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀምር ተጠቃሚው ከሁሉ አስቀድሞ ያመሰገነበት ነገር በማስታወቂያው ውስጥ አልነበረም። ከባለሱቅ ጋር በዝርዝር መጣላት ቀረ። መልስ ጠፍቶ በምትኩ ማስቲካና ከረሜላ መቀበል ለዘመናት የኖረ ግብር ነበር፤ አሁን ሒሳቡ እስከ ሳንቲሙ ይላካል። የከረሜላ ነጋዴዎች በዚህ ላይ ያላቸውን አስተያየት የጠየቀ የለም።

ዝርዝሩ ቀረና በምትኩ ስክሪንሹት መጣ። በየሱቁ ግድግዳ ላይ ካርቶን ተቀዶ በእስኪርቢቶ የሂሳብ ቁጥር ተጽፎበታል፤ በ1000 የሚጀምረው የንግድ ባንክ፣ ከሥሩ የሌሎች ባንኮች፣ ከሁሉ በታች የቴሌብር። ደንበኛው ይልክና ስልኩን አዙሮ «ተልኳል» ብሎ ያሳያል። ባለሱቁ የደንበኛውን ስልክ አያይም፤ የሚያየው የራሱን ነው። «አልገባም» ይላል። ደንበኛው «ይኸው ተቆርጧል» ይላል። ከዚያ ሁለት ጎልማሶች ሁለት ስልክ ይዘው፣ በመካከላቸው አንድ ኪሎ ስኳር አስቀምጠው የጽሑፍ መልእክት ይጠብቃሉ። በፎቶ ማስተካከያ የተሠራ ደረሰኝ እያሳዩ ዕቃ ይዘው የሚሄዱ አጭበርባሪዎች ስላሉ ባለሱቁ አይፈረድበትም። ደንበኛውም የተቆረጠበትን ብር ትቶ መሄድ ስለማይችል አይፈረድበትም። መልእክቱ ሲመጣ ሁለቱም ይስቃሉ፤ ስኳሩም ይሄዳል። የዲጂታል ክፍያ ፈጣን ነው የሚባለው ይህ ሰዓት ሳይቆጠር ነው።

በአዲስ አበባ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ በስልክ ብቻ እንዲከፈል ሲደረግ ደግሞ ለመውደድና ለመጥላት ጊዜ አልነበረም። ዕድሜያቸው የገፋ የላዳ ሹፌሮች እንኳ በአንድ ሳምንት ተማሩት። ከማደያ ሰልፍ የበለጠ የሶፍትዌር አስተማሪ አልተገኘም። ስለ ቴሌብር ብድር ብትጠይቋቸው መልሳቸው የተራቀቀ ነው። ሒሳብ ሲጎድል የሚሞላው እንደኪሴ የተባለው አገልግሎት ክፍያ ይጠይቃል፤ ወንድም ግን ያለ ክፍያ ያበድራል። ሆኖም ወንድም ሲያበድር ስለ ቁጠባ ምክር ይጨምራል፤ ያለፈውን ዓመት ብድር ያስታውሳል፤ ለእናትም ይነግራል። ብዙዎች አስልተው ክፍያው ይሻላል ይላሉ።

የባንክ ሶፍትዌር ያለ አንዳች ቅሬታ ያስተናገደበት ጊዜም ተመዝግቧል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድ ዓርብ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ማሻሻያ ሲደረግለት በተፈጠረ ክፍተት ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ማውጣት ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በሰዓታት ውስጥ ተዛመተ፤ የኤቲኤም ሰልፉ ረዘመ፤ በዚያ ሰልፍ ላይ ግን «ሲስተም የለም» ብሎ ያማረረ አልነበረም። ቅሬታው የጀመረው ሲስተሙ ሲስተካከል ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘቡ እንዲመለስ ማስታወቂያ ለጠፉ፤ ባንኩም ያልመለሱትን በስምና በፎቶ አወጣ። ብዙዎች መለሱ። በዚያች ሌሊት የነበራቸውን አስተያየት በይፋ የሚደግም ግን ጠፋ።

በሳምራዊት ፍቅሩ የተመሠረተው የታክሲ መጥሪያ መተግበሪያ ራይድና ተከታዮቹ የተወደዱት መኪና ስላመጡ አይደለም፤ መኪናማ ድሮም ነበር። የተወደዱት «ስንት ታደርሰኛለህ?» ከሚለው ጥያቄና እሱን ተከትሎ ከሚመጣው ቲያትር ስላዳኑ ነው። ተሳፋሪው ገንዘብ የሌለው መምሰል፣ ባለታክሲውም ነዳጅ የተወደደው በሱ ብቻ መምሰል አያስፈልጋቸውም። ያም ሆኖ ካርታው የከተማውን ጠባይ አያውቅም። ስልኩ ላይ ነጥብ ተቀምጦ፣ መኪናዋ እየተጠጋች፣ ሹፌሩ መደወሉ አይቀርም።

«የት ጋ ነሽ?»

«ካርታው ላይ አለ እኮ።»

«እሱን ተይው። ከቤተክርስቲያኑ በላይ ነሽ በታች?»

ከዚያ ቀይ በር፣ የተዘጋ ዳቦ ቤት፣ ኮንቴይነር ሱቅ ይጠቀሳል። ሰው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር በማይፈላለግበት ከተማ፣ ከሰማይ ያሉ ሳተላይቶች የሚያደርሱት እስከ ቤተክርስቲያኑ ነው፤ ቀሪው በአፍ ይሞላል። መተግበሪያውን ጨርሶ ትቶ ወደ ራይድ የስልክ መስመር 8294 መደወልን የሚመርጠውም ሰው ኋላ ቀር ሆኖ አይደለም፤ መጨረሻው መደወል ከሆነ ከመጀመሪያው መደወል ይሻላል ብሎ ነው።

ስለ ቢሮ ሶፍትዌር የሚሰጠው አስተያየት ከሁሉ የጸና ነው፤ አይለወጥም። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደል ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ማይክሮሶፍትም ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አቅርቧል። ነገር ግን በፓወር ግዕዝ የመጻፊያ ፕሮግራም የሠለጠነች ጸሐፊ ጣቷ ቦታውን ያውቃል፤ ዓይኗን ሰሌዳው ላይ ሳትጥል አንድ ገጽ ደብዳቤ ትጨርሳለች። በቀድሞዎቹ ቅርጾች የተጻፈው ደብዳቤ ቅርጹ ወደሌለበት ኮምፒውተር ሲላክ የላቲን ፊደልና የነጥብ ድብልቅ ሆኖ ይከፈታል። ተቀባዩ ደውሎ «አልተነበበም» ሲል የሚሰጠው መልስ «እኔ ጋ ይነበባል» ነው። በመጨረሻ ደብዳቤው ታትሞ በእጅ ይወሰዳል። በእጅ የሄደ ደብዳቤ ተበላሽቶ አያውቅም።

ስልክ ላይ አማርኛን በላቲን ፊደል የመጻፍ ልማድም ብዙ ይወቀሳል፤ ወቃሾቹ ግን ሒሳቡን አይነግሩም። አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ሲጻፍ 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ሲሆን 70 ብቻ። ሰላምታ አብዝቶ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ሳይጠይቅ ወደ ጉዳዩ የማይገባ ሕዝብ በ70 ፊደል «እንደምን ከረማችሁ» ብሎ ቁም ነገሩ ሳይደርስ ይቆረጥበታል።

ፌስቡክን ሁሉም ያማርረዋል፤ ምሬቱን የሚለጥፈውም እዚያው ነው። ይህ የሐበሻ ጠባይ ብቻ አይደለም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2006 የጓደኞችን ወሬ በአንድ ገጽ የሚደረድረውን ኒውስ ፊድ ሲያመጣ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አሜሪካውያን ተማሪዎች የተቃውሞ ቡድን ተቀላቀሉ። እንዲያ በፍጥነት የተሰባሰቡት ግን የአንዱ መቀላቀል ለሌላው በዚያው በኒውስ ፊድ እየተነገረው ነበር። ኩባንያው ይህን አይቶ ተቃዋሚዎቹን ይቅርታ ጠየቀና ገጹን አስቀረው፤ ማለት ባለበት እንዲቀር አደረገው፣ እስከ ዛሬ አለ። ቲክቶክን «ጊዜ ገዳይ ነው» የሚለውም ሰው ማስረጃ ሲጠየቅ ያለፈውን ሌሊት ያየውን ሁሉ በዝርዝር ይቆጥራል።

ሁሉንም ተጠቃሚ አንድ የሚያደርገው አስተያየት አፕዴትን መጥላት ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2012 በዊንዶውስ 8 ላይ የስታርት ቁልፉን አጥፍቶ በዓመቱ ለመመለስ ተገዷል። በ2001 የወጣውን ዊንዶውስ ኤክስፒን በሚያዝያ 2014 መደገፍ ሲያቆምም የብዙ ቢሮ ኮምፒውተር አልሰማም ብሎ ቀጥሏል። በኢትዮጵያ ጥላቻው የራሱ ምክንያት አለው፤ አፕዴት ፓኬጅ ይበላል። የአንድ ወር ኢንተርኔት ገዝቶ ያደረ ሰው ጠዋት ሲነሳ፣ ያልጠራው መተግበሪያ ሌሊቱን ራሱን ሲያድስ አድሮ፣ ጊጋባይቱን ጨርሶ፣ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ይጠብቀዋል። ለዚህ ነው ተማሪው የሌሊት ፓኬጅ ገዝቶ የሚያመሸው፤ ለዚህ ነው አዲስ ስልክ የያዘ ሁሉ በመጀመሪያ የሚማረው አፕዴትን ማጥፋት የሆነው። የደኅንነት ባለሙያዎች ይህን አታድርጉ ሲሉ ይመክራሉ። ፓኬጁን የሚገዙት ግን እነሱ አይደሉም።

ሠሪዎቹ ከኮከቡ ሌላ እውነቱን የሚሰሙበት አንድ መንገድ አበጅተዋል። መተግበሪያው ደንግጦ ሲዘጋ ምን እንደተፈጠረ የሚገልጽ ሪፖርት ይላክ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሁለት ቁልፍም ያቀርባል። ሪፖርቱ ችግሩ በየትኛው የኮዱ መስመር ላይ እንደደረሰ ሳይቀር ስለሚናገር ከሺህ ኮከብ ይልቅ ይጠቅማቸዋል። ተጠቃሚው ግን ሪፖርቱ ስንት ሜጋባይት እንደሚፈጅ ስላልተነገረው «አትላክ» የሚለውን ይጫንና ስልኩን አጥፍቶ ያበራዋል።